እኩል መዋጮ፣ እኩል ማዕድ?

ወጣቶች ሆይ፣ እስቲ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ሃያ አምስት ጓደኛሞች እኩል ገንዘብ አዋጥተው በግ አረዱ፤ መስክ ላይ ወጥተው ጠበሱ፤ በሉ፣ ተጫወቱ። ሳያዋጣ የቀረውን ሃያ ስድስተኛ ጓደኛቸውን በድለውታል ማለት ይቻላል? ከጥቂት ዓመታት በፊት ብትጠይቁኝ ኖሮ “በምን ሒሳብ?” ብዬ እመልስላችሁ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አብረን የጨረስን ልጆች አንድ ማኅበር አለን። ሃይማኖታችን የተለያየ ነው፤ ጾመኞችም ስላሉን ዓመታዊው የባርቤኪው ቀናችን ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው። ወደ ሱሉልታ እንወጣለን። በዚያ ዓመት ገንዘብ ያዡ እኔ ነበርኩ። መዋጮው በነፍስ ወከፍ 2,000 ብር ሆነ። የሁላችንንም ስም በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ዘረዘርኩና በከፈለው ሰው ስም አጠገብ የራይት ምልክት አደርግ ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራዬን በሥርዓት በመሥራቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሥጋ በፍም መጥበስ ትዕግሥት ይጠይቃል። የከሰሉ ነበልባል ወርዶ ፍሙ አመድ እስኪለብስ መጠበቅ አለበት። የቸኮለ ሰው የሚበላው ውጪው ያረረ፣ ውስጡ ግን ጥሬ የሆነ ሥጋ ነው። ስቡ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ እሳቱ ድንገት ይነሣል፤ ያኔ ሽቦውን ፈጥኖ ከፍ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅልን አንድ ጓደኛችን ነበር። የጥብስ ቅጠሉን መቼ ጣል እንደሚያደርግ እንኳ ከእርሱ በቀር የሚወስን አልነበረም። ያን ዓመት ግን ስሙ አጠገብ ምልክት አልነበረም። “ሥራ ገጥሞኝ ነው፤ እናንተ ተደሰቱ” ብሎ ጻፈልን። እኛም ተደሰትን። ሥጋው ግማሹ ሲያርር “እርሱ ቢኖር ኖሮ!” እያልን ሳቅን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት። ለካ ሥራ ገጥሞት ሳይሆን፣ ሥራውን ካጣ አራት ወር አልፎት ነበር።

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? እኔ እከፍልልህ ነበር” አልኩት።

“እሱን ፈርቼ ነው” አለኝ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። “ማንም አልከለከለውም፤ የከለከለው ኩራቱ ነው” የሚል ከመካከላችሁ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም ብላኛለች። እውነት የሌለበት አነጋገር አይደለም። ነገር ግን ያ 2,000 ብር ለአንዳችን የአንድ ምሽት ወጪ፣ ለሌላው የወሩ አስቤዛ ነበር። ቁጥሩ እኩል ነው፤ ሸክሙ እኩል አይደለም። ይህም ብቻ ቢሆን እኮ ምንም አልነበረም። እኔ በደግነቴ ከፍዬለት ቢሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት “አምና የተከፈለለት” ሆኖ ነበር ከእሳቱ አጠገብ የሚቆመው።

ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ የሚቆጣበትን ማዕድ አስታውሱ። አንዱ ቀድሞ የራሱን በልቶ ይጠግባል፤ ሌላው ተርቦ ይመለከታል። ሐዋርያው መብላታቸውን አልነቀፈም፤ በየቤታችሁ መብላት አትችሉምን ነው ያላቸው። በብርቱ የወቀሳቸው ምንም የሌላቸውን በማሳፈራቸው ነው።

በዚያ ዘመን በሮም ግዛት አብሮ የሚበላ ማኅበር ብዙ ነበር። ለሮም ቅርብ በሆነችው በላኑቪየም ከተማ የነበረ አንድ የቀብር ማኅበር (እኛ እድር የምንለው ዓይነት) እ.ኤ.አ. በ136 የነበረው ደንብ በእብነ በረድ ተቀርጾ ተገኝቷል። መግቢያው 100 ሴስተርስና አንድ እንስራ ጥሩ የወይን ጠጅ ነው። ባሪያዎችም አባል መሆን ይችሉ ነበር፤ ይህ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። በግብዣው ቀን ለእያንዳንዱ አባል ዳቦና አራት ሰርዲን ዓሣ ይደርሰዋል። የማኅበሩ አለቃ ግን ከሚከፋፈለው ሁሉ እጥፍ ይወስዳል። ሁከት ለማንሣት ከቦታው የተነሣ 4፣ ባልንጀራውን የሰደበ 12፣ አለቃውን የሰደበ ደግሞ 20 ሴስተርስ ይቀጣል። ደንቡን ሳነብ ያን የራይት ምልክቴን አየሁበት። ለስድብ ዋጋ ተቆርጦለታል። ማንንም ሳይሰድቡ፣ በዝርዝር ብቻ ሰውን ስለማሳፈር ግን የእኛም ማኅበር ደንብ ምንም አይልም።

ጌታችን ደግሞ በሉቃስ 14 ከዚህ ርቆ ይሄዳል። ግብዣ ስታደርግ ብድር ሊመልሱልህ የማይችሉትን ጥራ ይላል። ይህን ክፍል ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ፤ ሁልጊዜም ከአጥር ውጪ ስላሉ ድሆች አድርጌ። በራሴ ግሩፕ ውስጥ፣ በአሥራ ሰባተኛው ስም ላይ የተቀመጠው አልታየኝም።

በቀጣዩ ዓመት ዝርዝሩ ይቅር አልኩ። በአንድ ጓደኛችን ሱቅ ሣጥን ተቀመጠ፤ ሁሉም ስም ያልተጻፈበት ፖስታ ይከትታል፣ የሚችለውን አድርጎበት። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አንዱ “ታታሪውና ሰነፉ እኩል ሊበሉ ነው?” ብሎ ከማኅበሩ ወጣ፤ እስከ አሁን አልተመለሰም። ያለው ነገር ሁሉ ስሕተት ነው ብዬ አላምንም። ሣጥኑ ሲከፈት ገንዘቡ ከአምናው አንሶ ተገኘ፤ በሦስት በግ ፈንታ ሁለት ገዝተን ድንችና ቃሪያ ጨመርንበት። ሁለት ፖስታዎች ባዶ ነበሩ። የማን እንደሆኑ በልቤ መገመት ጀምሬ ነበር፤ ለእናንተ መደበቅ አልፈልግም። ጽሕፈታቸው እንዳይታወቅ ፖስታዎቹን ባዶ አድርገን የሰጠነው እኛው ራሳችን ነን፤ እኔ ግን አጣጠፋቸውን ሳይቀር ስመረምር ራሴን ያዝኩት።

እናንተስ፣ ለኅብረታችሁ ሽርሽር መዋጮ ስትሰበስቡ ዝርዝሩን የያዘው ማን ነው? “አልመቸኝም” ብሎ የቀረው ልጅስ?

ጓደኛችን መጣ። ማንም ሳይጠራው ወደ ከሰሉ ሄደ፤ ሥጋውን ለመጣድ የቸኮሉትን “ገና ነው፣ አመድ ይልበስ” እያለ ሲመልሳቸው ዋለ።