የጋራ ውሃ

ማታ፣ ቤተሰቡ ተኝቶ ከዋናው መንገድ የሚመጣው የመኪና ድምፅ ሲሳሳ፣ ወንበሬን ስቤ ከአኳሪየሙ ፊት እቀመጥና ዓሦቹ እስኪለምዱኝ እጠብቃለሁ። ኒዮን ቴትራ ይባላሉ፤ ከትንሿ ጣቴ የማይበልጡ፣ ጎናቸው ላይ ሰማያዊ ክር የተሰመረባቸው፣ ከሆዳቸው እስከ ጅራታቸው ቀይ የፈሰሰባቸው ናቸው። የዘር ማንዘራቸው አገር በአማዞን ጫካ ሥር የሚሄደው ጥላማ ጅረት ነው፤ በፈረንጆቹ 1936 ሳይንስ ስም ካወጣላቸው ወዲህ ግን የዓለምን ሳሎን ሲዞሩ ኖረው፣ ሦስቱ በፕላስቲክ ከረጢት ተቋጥረው እዚህ አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ ዘንድ ደረሱ። ሦስት ሳሉ ቤቴ ውስጥ ዓሣ አለ ማለት ያሳፍረኝ ነበር። ከፓምፑ ጀርባ ባለችው ስንጥቅ ተሸጉጠው፣ ምግብ ስበትንላቸው እንኳ ሳይነቃነቁ፣ ያ ቆብ የሌለው፣ መከደን የማያውቅ ዓይናቸው ብቻ እኔን ይመለከታል። ፍርሃት እንዲህ ዓይኑን ሳይጨፍን ሲያድር ማየት እየከበደኝ አንዳንድ ማታ መብራቱን አጥፍቼ እነሳለሁ።

እናቴ ከመርጡለ ማርያም ለሕክምና መጥታ እኔ ጋ የሰነበተችው በዚያ ሰሞን ነው። ከገንዳው ፊት ቆማ ብዙ ካየች በኋላ፣ «ምነው ልጄ፣ እነዚህ ባይተዋር ሆነውብሃል» አለችኝ። ባይተዋርነት ለሰው ብቻ የተሰጠ ይመስለኝ ነበር፤ ከተማ ገብቶ ሰላም የሚለው ላጣ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ለጨነቀው። እሷ ግን ነገሩን በዶሮ ነው የምታውቀው። ከገበያ የተገዛች ዶሮ ቤታችን ስትገባ እግሯን በክር አስራ ከጎታው ሥር ታኖራታለች፤ ጥሬ እየበተነችላት፣ ውሃ በገል እያቀረበችላት፣ ነባሮቹ ዶሮዎች በዙሪያዋ እየጫሩ ቀናት ያልፋሉ፤ ክሩ የሚፈታው ቤት ስትለምድ ነው። «ዶሮ እንኳ ጥግ ትሻለች፤ የነዚህ ጥግ የታለ?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ነጭ ጠጠር አንጥፌ፣ የቀትር ፀሐይ የሚያህል መብራት ከላይ ሰቅዬ፣ አንዲት የፕላስቲክ ዛፍ መሐል ላይ ተክዬ፣ ገንዳውን ያዘጋጀሁት ለገዛ ዓይኔ ነበር። ይባስ ብዬም ፈረንጅ መልአክ ዓሣ የሚለውን ክንፋም ዓሣ አብሬ ከትቼባቸዋለሁ፤ ስሙ መልአክ ይሁን እንጂ ሲያድግ ኒዮንን እንደ ቆሎ የሚቆረጥም ነው።

ጥግ። ቋንቋችን ይህን ቃል ለቤት ማዕዘንም፣ ሰው ለሚጠጋው ሰውም መስጠቱን ሳስበው ይደንቀኛል። መልአኩን ለወዳጄ ሰጠሁ፤ ጠጠሩን በጥቁር አሸዋ ለወጥሁ፤ የውሃውን ፊት ተንሳፋፊ ቅጠል አልብሼ ብርሃኑን አለዘብሁ፤ የተቀቀለ ግንድ ባስገባሁ በሳምንቱም ውሃው እንደ ቀጭን ሻይ ጠየመ። ከዚያ በኋላ መደበቂያው በበዛ ቁጥር መደበቃቸው አነሰ። ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች ሁሉ ይህን ያውቁታል፣ እኔም አንብቤው ነበር፤ ሲሆን ማየት ግን ሌላ ነው። ልጆች ሳለን፣ እዚያው መርጡለ ማርያም፣ እቴጌ እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አጠገብ፣ ካህናቱ እየተቆጡን ድብብቆሽ ስንጫወት፣ አበባ የተቀረጸበት ያ ድንጋይ ከኋላችን ስላለ ነበር ለካ እስከ ሜዳው መሐል እየሮጥን የምንወጣው።

ቁጥራቸውንም ወደ ዘጠኝ አደረስሁ። ብቻውን ያለ ዓሣ ዙሪያውን ሁሉ ራሱ መጠበቅ አለበት፤ ዘጠኝ ሲሆኑ ግን አሥራ ስምንት ዓይን ይጠብቃል፣ እያንዳንዱም ጥቂት ይዘነጋል፤ ከመዘንጋት የሚበልጥ ዕረፍት ያለም አይመስለኝ። ከላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያለ ሥጋት ሽር የሚሉ ዜብራ ዳኒዮዎች ጨመርሁ፤ እነሱ ካልሸሹ የሚሸሹት ነገር የለም ማለት ነውና፣ ታች ያሉት ፈሪዎች ቀና እያሉ በእነሱ ልብ ይወጣሉ። ልብ እንደሚጋባ ፍርሃትም ይጋባል፤ የንቦችን ጭፈራ ቋንቋ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ፣ በፈረንጆቹ 1938፣ ቆዳዋ ከቆሰለ ትንሽ ዓሣ የሚወጣ ሽታ በውሃው ተሸጋግሮ ጓደኞቿን ሁሉ እንደሚበትን ጽፎ ነበር። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ በልጅነታችን ብርብራ ወቅጠን ኩሬ ውስጥ የበተንንበት የበጋ ቀን ነው፤ ዓሦቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ሲንሳፈፉ በደስታ የጮኽነው እኛ ነበርን። ከእኔ መሸሻቸውን ያለ ምክንያት ነው ማለት አልችልም።

በአገራችን ጅረቶች የሚኖር፣ ከአገጩ ሥር ባለች ክብ መምጠጫ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ደራሽ ውሃን የሚያሳልፍ አንድ ትንሽ የዓሣ ወገን አለ፤ ሳይንስ ጋራ ይለዋል። ስሙ ከህንድ የመጣ ነው። በ2007፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስታያስኒ ከኢትዮጵያ አምስት አዳዲስ ዝርያዎቹን ሲገልጹ፣ አንዱን በጎጃሟ ደምበጫ ስም ጋራ ደምበጫ ብለውታል። ቅኔ ቤት ደጅ ያደገ ጆሮ ግን ቃሉን የህንድ ነው ብሎ በዋዛ አይለቀውም። ጋራ የምንሸሽበት ተራራ ነው፤ ጋራ ደግሞ ከሌላው ጋራ መሆን ነው፤ በአንድ ውሃ መኖርንም የጋራ እንለዋለን። ዓሣዋ ይህን ሁሉ ሳትሰማ፣ ሰሙን በድንጋዩ ወርቁን በባልንጀራዋ ይዛ፣ ጎርፉ እስኪያልፍ ትጠብቃለች።

አንድ ማታ መብራት ሄደ። ፓምፑ ዝም ሲል ቤቱ እስከዚያች ሰዓት ምን ያህል ሲያጉረመርም እንደ ኖረ ታወቀኝ። እናቴ ከአገር ይዛው የመጣችውን ጧፍ ለኩሳ ከገንዳው አጠገብ ተቀመጠች። ዓሦቹ እንደ ሌሊት ልማዳቸው ደብዝዘው፣ ሰማያዊው ክራቸው አመድ መስሎ፣ ከግንዱ ሥር አንድ አንድ እያሉ ወጡ። የመጨረሻዋ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዷ ነበረች፤ ጅራቷ ጫፉ ላይ የተቀደደ ስለሆነ እለያታለሁ። ወጥታ፣ ቆም ብላ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ብላ፣ እንደገና ቀርባ፣ ከእናቴ ፊት ትይዩ ክንፏን እያርገበገበች ቆመች። «መጣች እኮ» አለች እናቴ፣ ጨቅላ በተኛበት ቤት እንደሚወራው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ጥቂት ቆይቶ የጎረቤት መስኮት በራ፣ ፓምፑም አረፋውን መንፋት ጀመረ። ማብሪያውን ልጫን ስነሳ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ ጧፉ እስኪያልቅ እንዲሁ ተቀመጥን።