ሰባኪው ከመናገሩ በፊት

ስብከት እንዴት እንደሚዘጋጅና እንዴት እንደሚቀርብ መማር ከጀመርን ወዲህ በየደብተራችን ብዙ ነገር ሰፍሯል። ግጻዌውን ገልጦ የዕለቱን ምንባባት ማውጣት፣ ምስባኩን ከወንጌሉ ጋር ማገናዘብ፣ መግቢያውን ከሐተታው መለየት፣ ድምፅን መመጠን፣ ሰዓት ማክበር፤ ይህ ሁሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚፈልግ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ሐዘኑን ያልቀመሰ ሰው ሐዘንተኛውን «ይቅር በል» ሊለው ይገባዋልን? የሚል ነው።

ለጎብዬ ወጣት ይህ የደብተር ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው ከተማችን ረሀብም ጦርነትም በደጇ አልፈዋል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሀብ ያዩ አረጋውያን ዛሬም በዐውደ ምሕረቱ ፊት ተቀምጠው ይሰሙናል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦ ገባ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በቆቦ ሲቪሎች ተገደሉ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው በቆቦ ዙሪያ እንደገና ተነሣ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት ተከተለ። እንግዲህ አንድ የሃያ ዓመት ሰባኪ ጠላትን ስለ መውደድ ለማስተማር ሲቆም፣ ከፊቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠች እናት መኖሯን ሊረሳ አይችልም።

አንዳንዶቻችን እንዲህ እንላለን፦ ያልተራበ ስለ ጾም፣ ያልቀበረ ስለ መጽናናት፣ ያልተበደለ ስለ ይቅርታ ባይናገር ይሻላል። አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል። እስከ መጨረሻው ብንከተለው ግን የሃያ ዓመት ዲያቆን አፉን የሚከፍትበት ጉዳይ አያገኝም፤ ወንጌልም በሰባኪው ዕድሜና በሰባኪው ቁስል ልክ እየተመተረ የሚሰጥ ይሆናል። ቃሉ የሰባኪው ገንዘብ አይደለም። ዮናስ ወደ ነነዌ የሄደው ነነዌን ወድዶ አልነበረም፤ ከተማይቱ ግን ሰምታ ንስሐ ገብታለች።

ሌሎቻችን ደግሞ ቃሉ የእግዚአብሔር ከሆነ ሰሚው ማንም ይሁን ማን እኛ መናገር ብቻ ነው የሚጠበቅብን እንላለን። ይህም አላረካንም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የራቁቱንና የተራበውን ወንድም በመልካም ምኞት ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው ይወቅሳል። ያ ሰው የተናገረው ቃል ክፉ አልነበረም። ቃሉ ተናጋሪውን ምንም አላስወጣውም፤ ነውሩ እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል እንላለን። ክርስቶስ ይቅርታን እንዳዘዘ ማወጅ አንድ ነገር ነው፤ «አንቺ፣ ዛሬ፣ በዚህ ሰው ላይ ያለሽን ተዪለት» ማለት ሌላ ነገር ነው። ለፊተኛው ተልከናል። በኋለኛው ግን የእኛ ፍርድ ገብቶበታል። ዋጋውን የምትከፍለው እርሷ ሆና ሳለ እኛ ሳናውቀው ብንቆርጥባት፣ ከሰው ኪስ አውጥቶ እንደ መመጽወት ነው።

ነቢዩ ናታን በዳዊት ፊት የቆመበትን ሁኔታ (2ኛ ሳሙኤል 12) ልብ ብለን እንመልከት። ንጉሡ ከመንገሡ በፊት እረኛ ነበር። ናታንም ስለ አንዲት ግልገል ነገረው። ዳዊት ፍርዱን በገዛ አፉ የሰጠው ነገሩ ከሚያውቀው ሕይወት ስለ መጣለት ነው። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎርፍ በብዙ ስብከት የጥፋት ምሳሌ ሆኖ ይቀርባል። የራያ ገበሬ ግን ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በጉጉት ይጠብቃል፤ ጠልፎም ወደ ማሳው ያስገባዋል። ለእርሱ ጎርፍ ማሳ የሚጠርግም እንጀራ የሚሰጥም ነው። ደግሞም የዘሪውን ምሳሌ ስንሰብክ እሾኹን ብቻ አንስተን እናልፋለን፤ በቆላችን ግን ከእሾኽ ይልቅ የሚፈራው አቀንጭራ ነው። አቀንጭራ ከመሬት በላይ ከመታየቱ በፊት በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል፤ ፍሬውም በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ቂምን ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምን ምሳሌ ይገኛል? ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 ያለው ጊዜ በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር የዘርና የደመና ወቅት ነው፤ እኛም ከየዩኒቨርሲቲው ለክረምት የምንመለሰው በዚያው ሰሞን ነው። በሚያዝያና በግንቦት የተዘራው ማሽላ ዝናብ አጥሮት ከስሞ፣ ማሳው ተገልብጦ ጤፍ የተዘራበት ዓመት ከሆነ፣ ስለ ዘሪው የምንናገረው ለሁለተኛ ጊዜ ዘሩን ለበተነ ሰው መሆኑን ማወቅ አለብን። (የገበሬውን ቃል እየተዋሱ ገበሬ ለመምሰል መሞከር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰሚው ወዲያው ይለየዋል፣ ይስቅበታልም።)

ስለ ዝምታም እናንሣ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። በእኛ አስተያየት ከሠሩት ሁሉ የሚሻለው ያ ነበር፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። በ387 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በአንጾኪያ ሕዝቡ በግብር ምክንያት ተቆጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን ሐውልቶች በሰባበረ ጊዜ፣ ከተማው ቅጣቱን እየጠበቀ በፍርሃት ተውጦ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ እነዚያን የኢዮብ ወዳጆች እያስታወሰ ሰባት ቀን ዝም ማለቱን ራሱ በስብከቱ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ነው በዐቢይ ጾም ተከታታይ ስብከቱን የሰጣቸው። አፈ ወርቅ የተባለው ሰው ዝም ካለ፣ እኛ ለመናገር የምንቸኩለው ለምንድን ነው? ይኸው አባት ሕዝቡ በስብከት መካከል እንዳያጨበጭብ ሲገሥጽ ሕዝቡ ለተግሣጹም አጨበጨበለት ይባላል፤ እልልታን የሚቆጥር ሰባኪ ይህን ታሪክ ቢያስብ ይጠቅመዋል።

ከመጻሕፍቱ ሌላ አንድ መምህር በሰፈራችን አለን። ደም ለማድረቅ የሚነሡትን ሽማግሌዎችና በወሎ አበጋር የሚባሉትን አስታራቂዎች ማለታችን ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ ሟች ቤት በአንድ ቀን ሄደው ይቅር በሉ ብለው አይመለሱም። ይመላለሳሉ፤ እምቢ ሲባሉ ቁጣውን ተቀብለው ይሄዳሉ፤ ቆይተው እንደገና ይመጣሉ። ደግሞም የተበዳዩን ደጅ ብቻ አይጠኑም፤ የበዳዩ ወገን ጥፋቱን እንዲያምንና ካሳውን እንዲክስ ይይዙታል። በግማሽ ሰዓት ስብከት ይህን ሁሉ ጨርሰናል ብለን የምናስብ ከሆነ፣ ፊደል ያልቆጠሩት ሽማግሌዎች በለጡን ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እንወዳለን። ስለ ይቅርታ የሚሰጠው ስብከት በብዙ ቦታ የሚናገረው ለተበዳዩ ብቻ ነው። የገደለው፣ የዘረፈው፣ የጠቆመው ሰው ምናልባት እዚያው ጉባኤ ውስጥ ተቀምጦ «ለእርሷ ነው የተባለው» ብሎ ተጽናንቶ ይሄዳል። ይህ ግማሽ ስብከት ነው። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሯል፤ ያን ጊዜም ነው መዳን ለዚያ ቤት ሆነ የተባለው። ካሳውን ትቶ ይቅርታውን ብቻ መስበክ ለሰባኪው ይቀላል፤ ማንም አይቆጣውም። ደግሞም እናቲቱ ፍርድ ቤት መሄዷን እንደ ኃጢአት የሚቆጥር ሰባኪ ካለ፣ ከየትኛው ምንባብ እንዳገኘው ቢጠየቅ መልካም ነው።

የድምፅ ማጉያውንም ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ዛሬ የምንናገረው ከቅጽሩ አልፎ ወደ ገበያውና ወደ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ይገባል። በወሎ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት መኖሩ የታወቀ ነው። ለቅሶ ላይ አብሮን የተቀመጠ ሰው ማታ በማጉያ ምን እንደምንል ይሰማል።

ስለዚህ በመጪው ክረምት የስብከት ሥልጠናው ሲቀጥል ለአሠልጣኞቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እስካሁን የተለማማጁ ስብከት የሚገመገመው በጥቅሱ፣ በአነጋገሩና በሰዓቱ ነው። በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ ተለማማጁ ጽሑፉን ከመጻፉ በፊት በዚያ ሳምንት የማን ቤት ሄዶ እንደ ተቀመጠ ይጠየቅ። የሰማውን በጉባኤ እንዲያወራ አይደለም፤ ያ የቤተ ሰቡ ምስጢር ነው። ስማቸውንም ለአሠልጣኙ ብቻ ይንገር። ለመጀመሪያው ዙር የሚመደቡት ተለማማጆች አራት ቢሆኑ፣ ሁለት ሁለት ሆነው አንደኛው ወደ ጎብዬ ከተማ ለቅሶ ቤቶች፣ ሁለተኛው ወደ ገጠር ቀበሌዎች ቢሄዱ ይበቃል፤ የእግር መንገድ ነው፣ ወጪም የለውም።