መያዝና ማወቅ

ሰው ፍጥረትን እንዲገዛ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ መግዛት ምን ማለት እንደ ሆነ አጥብቆ የሚመረምር ጥቂት ነው። የጨበጠ ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል፤ መያዝ ግን ሌላ፥ ማወቅም ሌላ ነው።

ይህን ከእንሽላሊት ብንማር አናፍርም። በመቀሌ ከተማ በካብ አጥሩና በድንጋዩ ቤት ስንጥቅ ውስጥ እንሽላሊት ይኖራል፤ ረፈድ ሲል ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ልጅ አይቶት ሊይዘው ቢሮጥ ጅራቱን ጥሎለት ያመልጣል። ልጁም የሚንፈራገጠውን ጅራት ጨብጦ «ያዝሁት!» ይላል። የያዘው ግን ምንድን ነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙዎች በመስተዋት ሣጥን የሚያሳድጉት፥ ነብርማ ጌኮ የሚባል የእንሽላሊት ወገን አለ። የትውልድ አገሩ አፍጋኒስታን፥ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ነው። ይህ ፍጥረት ስቡን የሚያጠራቅመው በጅራቱ ስለ ሆነ፥ ጅራቱን ጥሎ ሲሸሽ የክፉ ቀን ስንቁን ጥሎ መሸሹ ነው። ቢበቅልለትም እንደ ፊተኛው አይሆንም። ገላው የራሱን ሙቀት ስለማያመነጭ፥ አዋቂ አሳዳጊ የሣጥኑን አንድ ወገን ሞቃት፥ ሌላውን ቀዝቀዝ ያለ አድርጎ ምርጫውን ለእንስሳው ይተዋል። የሚወጣው ሲመሽ ነውና ለቀን መሸሸጊያ ያበጅለታል። እንዲህ የተያዘ ከ15 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል።

ምናልባት አንባቢ፥ «እንደ ውሻ ጌታውን ለማይወድ ፍጥረት ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በጎነት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ምስጋና ለሚመልስልን የምናደርገው ብድር ነው፤ ምንም ለማይመልስልን የምናደርገው ግን ቸርነት ነው።

የሰውም ነገር እንዲሁ ነው። አባት ልጁን፥ መምህርም ተማሪውን በማስፈራራት ብቻ ቢይዘው፥ ታዛዥነት የሚመስል ጅራት በእጁ ይቀራል፤ ልቡ ግን ከካቡ ውስጥ ገብቷል። የሸሸውን ልብ በጩኸት ማውጣት አይቻልም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ የአገራችን እንሽላሊት ሣጥን አያስፈልገውም፤ ድንጋዩና ፀሐዩ ይበቁታል። መርዘኛ ነው እያለ የሚፈራው ብዙ ነው፤ እርሱ ግን ተባይ ለቅሞ ይበላልናል እንጂ ሰውን አይጎዳም። ስለዚህ ድንጋዩን ከእጃችሁ ጣሉና ጥቂት ቆማችሁ ተመልከቱት። ታግሦ የተመለከተ፥ ሮጦ ከያዘው ይልቅ ያውቀዋል።