ክንድ ሲዝል፣ እግር ሲከዳ

በገና ሰሞን፣ በአምደወርቅና እሷን በመሳሰሉ የሰሜን ደጋዎች ሜዳ ላይ ሩር ሲለጋ፣ የተመልካች ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በጎበዙ ለጊ ላይ ነው። ክንዱ በተወነጨፈ ቁጥር ሜዳው በሆታ ይናወጣል፤ ስሙም የመንደር ወግ ይሆናል። ዳሩ ግን ክንድ ይዝላል። ያ ሰው ከዓመታት በኋላ በሜዳው ዳር በትሩን ተመርኩዞ ሲታይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ጀግናን ጀግና ያሰኘው አካል ከከዳ በኋላ ከጀግንነቱ የሚተርፈው ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ የሻምበል አበበ ቢቂላን ያህል በሕይወቱ የተጋፈጠ ጥቂት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ይህ የክብር ዘበኛ ወታደር በሮማ ጎዳና 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ድል አደረገ። ፋሺስቶች ነቅለው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ያን ጊዜ በዚያችው ከተማ ቆሞ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ፣ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ነው። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በእግሩ ሕመም ምክንያት ውድድሩን አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በደረሰበት የመኪና አደጋ ዓለም ያወቃቸው እግሮች ዳግመኛ ላይራመዱ ቀሩ።

«ጀግንነት በመንፈስ እንጂ በእግር አይደለም» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ይህ፣ ቆሞ የሚሄድ ሰው ለተቀመጠው የሚወረውረው ርካሽ መጽናኛ ነው። አበበ ያጣው እውነተኛ ነገር ነበር፤ ሐዘኑም እውነተኛ ነበር። ይህን የሚክድ ፍልስፍና ሰውየውን አያከብርም።

መልሱ በንግግር ሳይሆን በሥራ ተገኘ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሲታከም የቆየው አበበ፣ በ1962 ዓ.ም. በአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በረዶ ላይ ውሻ በሚጎትተው ተንሸራታች ተወዳደረ። እነዚህ እንደ ሮማ ዓለምን አላስደነቁም። የሮማን ድል ስለ እግሩ፣ ስለ ሳንባው፣ ስላደገበት የደጋ አየር በመናገር በከፊል ማስረዳት ይቻል ይሆናል፤ የኋለኛውን ግን ይህ ሁሉ አያስረዳውም። ሁሉ ከተወሰደበት በኋላም ወደ መነሻው መስመር መቅረብን አልተወም። የተረፈው ይህ ነው።

አበበ በ41 ዓመቱ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ። ታሪኩን ሮማ ላይ የሚያቆም መምህር፣ ሥዕሉን ድል ላይ ብቻ የሚጨርስ ሠዓሊ፣ የሚወድደው የራሱን ደስታ እንጂ ሰውየውን አይደለም። ጀግናን የሚወድድ ሕዝብ የሚፈተነው በአቀባበሉ ዕለት አይደለም፤ ክንዱ የዛለው ለጊ በሜዳው ዳር ሲቆም፣ ወጣቶቹ የበትር አያያዝ ሊማሩ ወደ እሱ መቅረባቸው ወይም አልፈውት መሮጣቸው በሚታይበት ዕለት ነው።