በጎቹን ማን ጠበቀ?

ሉቃስ ስለዚያ ሌሊት ብዙ ነግሮናል። ሕዝብ እንዲቆጠር ያዘዘውን ቄሣር አውግስጦስን፣ የሶርያውን ገዥ ቄሬኔዎስን በስማቸው ጠርቷል። ሕፃኑ በምን እንደ ተጠቀለለና የት እንደ ተኛ ጽፏል። መላእክቱ ወደ ሰማይ ከተመለሱ በኋላ እረኞቹ ወደ ቤተ ልሔም ሲቻኮሉ መንጋው ከማን ጋር እንደ ቀረ ግን አልጻፈም። ሌሊት ሜዳ ላይ ያለ ጠባቂ የተተወ በግ ደግሞ ሲነጋ መገኘቱ ያጠራጥራል። ሰባኪዎቻችን በዚህ ላይ አይቆሙም፤ እኔን ግን የሥራዬ ጠባይ ሆኖ ያቆመኛል።

ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ ባለ የቡና መረከቢያ መዝጋቢ ነኝ፤ እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ በእኛ በኩል የቡናው ሥራ ገና አላለቀም። ከዳውሮ፣ ከወላይታ፣ ከከምባታ የመጣው ለቃሚ ቀኑን ሙሉ ቀይ ቡና ሲለቅም ውሎ ማታ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ሚዛኑ ፊት ይሰለፋል። የተረከብነው ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ሲመሽ ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈናል፤ ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ የዘበኛው ነው። ሳምንታት የተለፋበትን ቡና የአንድ ሌሊት ዝናብ ያሻግተዋል፣ የአንድ ሌሊት ሌባ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ታኅሣሥ 28 ማታ ከተማው ነጠላውን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲተም፣ ከአልጋዎቹ አጠገብ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚቀር ሰው አለ።

ይህ ሰው የልደት ታሪክ ዳር ላይ ያለ ሰው አይደለም። ካህኑ ዘካርያስ በቤተ መቅደስ፣ በዕጣኑ ሰዓት፣ መልአክ ተገልጦለት ስላላመነ ዲዳ ሆኖ ወጣ። የመላእክቱ ዝማሬ የተሰማው ግን ሜዳ ላይ ነው፤ በዓመት በዓመቱ በማኅሌት የምናዜመውን ያን ምስጋና መጀመሪያ የሰሙት ሥራ ይዟቸው ማኅሌት መቆም የማይችሉ ሰዎች ናቸው። ይህን ስናስተውል ግርግሙን ማሳመር አይገባንም። አንዳንዱ ሰባኪ ስለ በረቱ ሲናገር ድህነት ጌጥ እስኪመስል ድረስ ያጣፍጠዋል። ሉቃስ ግን ምክንያቱን በግልጽ አስቀምጦታል፦ ማደሪያ አጥተው ነው። ለቃሚ በላስቲክ ዳስ ውስጥ ተደራርቦ ሲያድር አይቶ «ጌታም እንዲህ ነበር» የሚል ሰው ወንጌሉን ለአሠሪው ጥብቅና አውሎታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቡኝ በማቴዎስ ወንጌል ያሉት ጸሐፍት ናቸው። ሰብአ ሰገል ኢየሩሳሌም ገብተው የተወለደው ንጉሥ የት እንዳለ ሲጠይቁ ሄሮድስ የካህናት አለቆችንና ጸሐፍትን ሰበሰበ። እነሱም አልተሳሳቱም፤ ሚክያስን ጠቅሰው ቤተ ልሔም ነው አሉ። ከኢየሩሳሌም ቤተ ልሔም 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኛ ለቃሚዎች ማዳበሪያ ተሸክመው የሚሄዱት መንገድ ነው። ባዕዳኑ ሄዱ፤ ጥቅሱን ያወቁት አልሄዱም። አለማመናቸው አይመስለኝም። ትክክለኛውን መልስ መስጠታቸው በቅቷቸው ነው። የሰጡትንም መልስ ሄሮድስ የቤተ ልሔምን ሕፃናት ለማስፈጀት ተጠቀመበት። እኛም በሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ በቃላችን እናውቀዋለን፤ ከፈተና ጥያቄዎቻችን አንዱ ነው።

ስለዚህ የገና ዋዜማ ወጣቶቹ ወደ ቡና ማድረቂያው ወርደው ከዘበኞቹ ጋር እንዲዘምሩ ሐሳብ አቀረብኩ። አንድ አባት ቅዳሴ ያለ ታቦት እንደማይሆን አሳሰቡን፤ ልክ ናቸው፣ ያሰብነው ግን ምንባብና መዝሙር ነበር። ደግሞ ታቦቱ ራሱ ከገና በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ለከተራ ወጥቶ ወደ ውኃው ይወርድ የለ? ሕዝቡ ወዳለበት መውጣት ለእኛ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዘበኞቹ መካከል በዕድሜ የገፉትን፣ የዳውሮውን ሰው፣ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ለገና ዋዜማ መዝሙር ይዘን እንምጣልዎት?»

«ብትመጡ ምን ከፋኝ፤ ግን ልጄ፣ መዝሙር ከምታመጡልኝ ቡናውን ጠብቁልኝና እኔ ልሂድ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የገናን ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን አላደርኩም።»

ወንጌሉን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው የተከተሉት። መልአኩ ለእረኞቹ ካበሠራቸው በኋላ እዚያው ተቀመጡ አላላቸውም፤ የሚያዩትን ምልክት ነግሯቸዋል። ለመሄድ ደግሞ ሰው በጎቹን የሚሰጠው ተተኪ ይፈልጋል። የዚያው የቤተ ልሔም ልጅ ዳዊት ወንድሞቹን ሊጠይቅ ወደ ጦር ሰፈሩ ሲሄድ በጎቹን ለጠባቂ ትቶ እንደ ወጣ በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል፤ የጠባቂው ስም ግን እዚያም የለም።

ወጣቶቹ ዘበኞቹን ተክተው ቡናውን ይጠብቁ ስል ክርክሩ ወደ እነሱ ዞረ። ገናን ጭለማ ውስጥ ቡና ሲጠብቅ ያደረ ሰው ምኑን አከበረው አሉኝ። እኔ አክብሯል ባይ ነኝ፤ ዳዊትም ይመሰክርልኛል። አማሌቃውያንን አሳድዶ ሲመለስ ጓዝ ጠብቀው የቀሩት ከዘመቱት ጋር እኩል እንዲካፈሉ ፈርዷል፤ ፍርዱም ለእስራኤል ሥርዓት ሆኖ ቀርቷል። ጠባቂው ድርሻውን የሚያገኘው ታዝኖለት ሳይሆን ደንብ ሆኖ ነው። በዚህ ያልተስማሙ አሁንም አሉ፤ ሆኖም ስማቸውን አስመዝግበዋል።

የቀረው የማድረቂያው ኃላፊ ነበር። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ የቡና ኃላፊ ግን በገናም ይቆጣል። ቡናው ቢጎድል የሚጠየቅ ሰው ስም በጽሑፍ ይቅረብልኝ አለ፤ ስሜን ጻፍኩለት። ሦስት ዘበኞች ለማኅሌቱ እንዲለቀቁ ስንለምነው በምትካቸው ስድስት ወጣት አምጡ አለ፤ አንድ ዘበኛ ሁለት ተማሪ ያህላል ብሎ። አልተከራከርኩትም።