ሽታ የሌለው ጋዝ

ከወልድያ ወደ መርሳ፣ ወይም በሐራ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ሾፌር ኤሲው ትዝ የሚለው ሙቀቱ ፊቱን ሲመታው ነው። ወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ለወራት መስኮት ዝቅ ማድረጉ ይበቃል። ቆላው ላይ፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ አይበቃም። ኤሲው ይከፈታል፤ የሚነፍሰው ግን ሙቅ አየር ነው። ጋራዥ ሲደረስ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ጋዙ አልቋል፤ ይሞላ።» ይሞላል፤ ለጥቂት ሳምንታት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም ያው ሙቅ አየር ይመለሳል።

ጋዝ ግን አያልቅም። ናፍጣ ይቃጠላል፣ የፍሬን ሸራ ይበላል፤ የኤሲ ጋዝ በተዘጋ መስመር ውስጥ ከኮምፕሬሰር ወደ ኮንደንሰር፣ ከዚያ ወደ ኢቫፖሬተር እየዞረ ያንኑ ሥራ ይደጋግማል። በዓመታት ውስጥ በጎማ ቱቦው ቀስ እያለ የሚሰርግ ጥቂት ይኖራል። በሳምንታት ውስጥ ከጎደለ ግን የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት እዚህ አገር የተጀመረ ልማድ አይደለም፤ ዓለም ሁሉ አንድ ጊዜ ዋጋ ከፍሎበታል።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የቤት ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በአሞኒያ፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድና በሜቲል ክሎራይድ ነበር። መርዞች ናቸው፤ ሰው ገድለዋል። ይሁንና አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲያፈሱ አይደበቁም፤ ዓይን ያስለቅሳሉ፣ ጉሮሮ ያፍናሉ፣ የቤቱን ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ያስሮጣሉ። ቀዳዳው እስኪደፈን ድረስ ማንም ተረጋግቶ አይተኛም። በ1928 ለጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ መፍትሔ አመጣ፤ በኋላ አር-12 የተባለውን፣ ፍሪዮን በሚል የንግድ ስም የታወቀውን ጋዝ። በ1930 በአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ፊት ቆሞ ጋዙን ወደ ሳንባው ሳበና በሚነድ ሻማ ላይ እፍ አለው። ሻማው ጠፋ፤ ሚጅሊም ምንም አልሆነም። አይመርዝም፣ አይቀጣጠልም።

ፓካርድ የተባለው ኩባንያ በ1939 ኤሲ የተገጠመለት መኪና ለሕዝብ ያሳየው በዚህ ጋዝ ነው። ያን ኤሲ በወጉ ለማቆም ሞተር አጥፍቶ፣ ኮፈን ከፍቶ የኮምፕሬሰሩን ቺንጋ ማውለቅ ያስፈልግ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ነገሩ ተሻሻለና የመኪና ኤሲ በሚሊዮን ተሠራጨ።

የመኪና ኤሲ ከቤት ማቀዝቀዣ የሚለይበት ነገር አለ። የማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ከነሞተሩ በብረት ተበይዶ የታሸገ ነው። የመኪናውን የሚያዞረው ቺንጋ ስለሆነ ዘንጉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዘንጉ በሚወጣበት የጎማ ማሸጊያ አለ። ሞተሩም ስለሚንቀጠቀጥ ቱቦው ሁሉ ብረት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ያፈሳል። አር-12 ደግሞ ሲያፈስ አይሸትም፣ አይታይም፣ ማንንም አያስነጥስም። ጋዙ ሰው የማይጎዳ ስለሆነ ቀዳዳውን የሚፈልግ ጠፋ። አሜሪካ ውስጥ ባለመኪናው በጋ ሲመጣ ከሱቅ ትንሽ ቆርቆሮ ገዝቶ ራሱ ይሞላ ነበር።

የፈሰሰው ጋዝ የት እንደሚሄድ በ1974 የጠየቁት ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ ናቸው። ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ወጥቶ፣ በፀሐይ ጨረር ተሰባብሮ፣ ከውስጡ የሚወጣው ክሎሪን የኦዞን ሽፋንን ይበላል አሉ። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ የኦዞኑን መሳሳት ይፋ አደረጉ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ የዓለም አገሮች ሁሉ ገቡበት። በአሜሪካ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የኤሲ ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ ተከለከለ፤ ጋራዦችም ጋዙን ስቦ የሚያጠራቅም መሣሪያና የሠለጠነ ሰው እንዲኖራቸው ታዘዘ። ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖቻችን ያለው አር-134ኤ ኦዞንን አይነካም። ምድርን ግን ያሞቃል፦ በመቶ ዓመት ስሌት አንድ ኪሎው ከ1,300 ኪሎ የማያንስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል። በ2016 ኪጋሊ ላይ አገሮቹ እሱንም ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ተስማምተዋል። እሱም ቢሆን ሲያፈስ ማንንም ከቤት አያስሮጥም፤ ስለዚህ ፍለጋው የእኛ ሥራ ነው።

ፍለጋው ከጋዝ መጀመር የለበትም። ሞተሩ በርቶ ኤሲው ሲከፈት የኮምፕሬሰሩ ፍሪሲዮን ጠቅ ብሎ ይይዛል? ካልያዘ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሽቦው ይታያል። ከያዘ በኋላ ከኢቫፖሬተር የሚመለሰውን ወፍራም ቱቦ በእጅ መንካት ነው። እሱ በደንብ ቀዝቅዞ በዳሽቦርዱ በኩል ሙቅ አየር ከመጣ፣ ጋዙ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ችግሩ የማሞቂያውን አየር የሚዘጋው በር ወይም የሙቅ ውኃው ቫልቭ ጋ ነው። መኪናው ሲሄድ ቀዝቅዞ ወልድያ ገበያ ውስጥ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ የኮንደንሰሩ ፋን አይዞርም፣ ወይም ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር በአቧራና በጭድ ተደፍኗል። በሀብሩ ወረዳ የገጠር ጥርጊያ መንገዶች ለሚመላለስ መኪና ይህ የተለመደ ነው። በቀስታ በሚወርድ ውኃ ማጠብ ይበቃዋል፤ ኃይለኛ ግፊት ስስ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል።

ፍሪሲዮኑ የማይይዘው ጋዝ በመጉደሉም ሊሆን ይችላል። በመስመሩ ላይ ያለው የግፊት ማብሪያ፣ ጋዙ ሲያንስ ኮምፕሬሰሩን ያቆመዋል። ሽቦ አገናኝቶ ይህን ማብሪያ መዝለል እጅግ የሚያናድደኝ ሥራ ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው፤ ጋዝ ከሌለ ዘይት አይደርሰውም፣ ኮምፕሬሰሩም ይነክሳል። በጥቂት ብር የጎማ ማሸጊያ የሚድን መኪና አዲስ ኮምፕሬሰር ይፈልጋል።

ቀዳዳው የሚገኘውም በዚያው ዘይት ነው። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ በቱቦ መጋጠሚያዎች፣ በኮምፕሬሰሩ አፍንጫ፣ በኮንደንሰሩ ጠርዝ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ይታያል። እዚያ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብቶ ማየት ነው። መስመሩ ባዶ ከሆነ በናይትሮጅን ተነፍቶ ይፈተሻል።

ጌጅ ሲነበብ ደግሞ ከፍታችን መታሰብ አለበት። ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር አነጻጽሮ ነው። በባሕር ጠረፍ መስመሩ በቫኪዩም ፓምፕ ሙሉ በሙሉ ሲመጠጥ መርፌው 30 ኢንች ገደማ ይወርዳል፤ ወልድያ ላይ ፓምፑ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከ23 ወይም 24 አያልፍም። ይህን ያላወቀ መካኒክ ደህናውን መስመር «ያፈሳል» ይላል፣ ወይም ደህናውን ፓምፕ ይጥላል። ሞተሩ ጠፍቶ የሚነበበው ግፊትም የጋዙን መጠን አይናገርም። በ25 ዲግሪ፣ መስመሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ፣ 300 ግራምም ሆነ 600 ግራም ያለው መኪና መርፌውን እዚያው 85 ፒኤስአይ አካባቢ ያቆመዋል። ትክክለኛው መንገድ መስመሩን አጽድቶ፣ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ግራም በሚዛን መዝኖ ማስገባት ነው።

የደጋ መኪና አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልገዋል። ኤሲው ለወራት ሳይከፈት ሲቆይ በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ላይ ያለው ማሸጊያ ዘይት አጥቶ ይደርቃል፤ ጋዙም በዚያ ይወጣል። ሾፌሩ መርሳ ላይ የሚያገኘው ሙቅ አየር ብዙ ጊዜ ወልድያ በብርዱ ወራት የተጀመረ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ብርድም ቢሆን፣ ለአሥር ደቂቃ መክፈት ማሸጊያውን ያረጥበዋል። ጋራዥ መግባት ግድ ከሆነም ባለመኪናው ከመክፈሉ በፊት መካኒኩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ቀዳዳው የት ነበር፣ ምን ተቀየረ፣ ስንት ግራም ገባ።