የጎመን ምንቸት አይውጣ

ልጄ፣ አዲስ ዓመት ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እንላለን። ክረምቱን በጎመን የገፋ ሰው ቢለው አይፈረድበትም። አንቺ ግን ዓመቱን ሙሉ አስወጥተሽዋል፤ ልጆችሽ የሚያውቁት ፓስታና ነጭ ሩዝ ነው። ደግሞ ወንድምሽ ከአሜሪካ የላከውን የቤታ ካሮቲን እንክብል እያሳየሽ «ጋሼ፣ ይሄ ይበቃናል» ትይኛለሽ። ዕድሜዬን በድሬሰርነት የጨረስኩ ሰው ነኝና ስሚኝ።

ገጠር ጤና ጣቢያ ሳለሁ እናቶች «ሲመሽ ይደናበራል» እያሉ ልጅ ያመጡልኝ ነበር። ቀን ከእኩዮቹ ጋር ሲሯሯጥ የዋለው ልጅ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ደፉ ያደናቅፈዋል፤ ፊቱ የቀረበለትን እንጀራ በእጁ እየዳሰሰ ይፈልጋል። ዳፍንት ነው። ዓይኑን ገለጥ አድርጌ ሳይ ነጩ ላይ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነጥብ አገኛለሁ። መንስኤው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ ሲብስ፣ በተለይ ኩፍኝ ሲጨመርበት፣ ዓይኑን አቁስሎ ጨርሶ ያሳውራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ቅጠሉም ጎመን ነው።

ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ማንጎና ፓፓያ ውስጥ ያለውን ቀለም ሐኪሞች ካሮቲኖይድ ይሉታል። ከነዚህ ውስጥ ቤታ ካሮቲንን አንጀታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። የጎመኑ ቢጫ በአረንጓዴው ስለተሸፈነ ነው እንጂ ሰው ሁሉ ካሮት፣ ካሮት ባላለ ነበር። ሉቲንና ዚያዛንቲን የሚባሉት ደግሞ ሄደው የሚቀመጡት ደቃቅ ፊደል የምናነብበት የዓይናችን ክፍል፣ ሬቲናው መሃል ላይ ነው፤ እዚያ ሆነው ሰማያዊውን ብርሃን ያጣራሉ። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አስኳሉ የሚደምቀውም፣ ዶሮዋ ከደጅ ቅጠል ስትለቅም ስለምትውል እነዚሁ ቀለሞች ገብተውበት ነው።

ዋናው አሠራሩ ላይ ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባል የለ? እነዚህ ቀለሞች የሚሟሙት በስብ እንጂ በውሃ አይደለም። ስለዚህ ጎመንሽን አድቅቀሽ ክተፊው፤ ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በጾሙ በዘይት፣ በፍስኩ በቅቤ አብስይው። በውሃና በጨው ብቻ የተቀቀለ ጎመን ሆድ ይሞላል እንጂ ያ ሁሉ ቀለም አብዛኛው ሳይወሰድ ያልፋል። ቲማቲሙም እንዲሁ ነው፤ ከጥሬው ይልቅ በዘይት ከበሰለው ስልስ ላይ ሰውነት ላይኮፒኑን በደንብ ይወስዳል። ላይኮፒን ግን ቫይታሚን ኤ አይሆንምና ስልስ አለ ብለሽ ዱባውን እንዳትተዪው።

አሁን ወደ እንክብሉ ልምጣ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው። ባለቤትሽ ሲጋራ ያጨሳል፤ እሱ እንዳይነካው! ፊንላንድ ውስጥ 29 ሺህ ያህል አጫሽ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ በቀን 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን ይወስዱ የነበሩት ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። አጥኚዎቹ የጠበቁት እንዲቀንስላቸው ነበር። አሜሪካም የተጀመረው ተመሳሳይ ጥናት ጉዳቱ ስለታየ በ1996 እ.ኤ.አ. ከቀኑ በፊት ተቋረጠ። ከምግብ የሚገኘው እንዲህ ያለ ጣጣ አላመጣም። ዱባና ካሮት እጅግ ያበዛ ሰው መዳፉ ቢጫ ቢሆን ነው፤ ሲቀንስ ይለቀዋል። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ ግን ያ የጉበት ነገር ነውና ሐኪም ቤት ይሂድ።

ታዲያ ጋሼ እንክብል ጠላ ብለሽ ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ ደግሞ እንዳታስቀሪ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በየ6 ወሩ የሚሰጠው ያ ሌላ ነው። ከአትክልት የሚገኘው ቀስ እያለ የሚጠራቀም ነው፤ 12 ማይክሮ ግራም ቤታ ካሮቲን ተበልቶ ለሰውነት የሚደርሰው 1 ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ኤ ነው። ትንሿን በቀጠሮዋ ውሰጃት፤ ለራቷ ዱባውን ቀቅለሽ ፍጪውና ዘይት ጠብ አድርጊበት። እንቢ ካለች ከድንች ጋር ደባልቂው፤ ታላቋ እንደሆነች ፓስታው ላይ ካፈሰስሽላት አታውቀውም።